ባለአክሲዮን ነኝ ብሎ የመጣው ሰው

የኢትዮጵያ አየር መንገድን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ቲደብሊውኤ የሚለውን ስም ያውቀዋል። በሴፕቴምበር 1945 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከዚህ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረመ። በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም የቲደብሊውኤ ሰው ነበር። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ እስኪሆኑ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል።

ተማሪው ዛሬ የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ነው። አስተማሪው ግን የለም። ቲደብሊውኤ ለሦስተኛ ጊዜ ኪሳራ አውጆ በ2001 ለአሜሪካን ኤርላይንስ ተሸጠ፤ ስሙም ከአውሮፕላኖቹ ጎን ላይ ተፋቀ። ለውድቀቱ የሚቀርበው ምክንያት ብዙ ነው። የቀድሞ ሠራተኞቹ ምክንያቱን ሲቆጥሩ ግን የማይዘሉት አንድ ስም አለ፤ ካርል አይካን።

አይካን በዎል ስትሪት ከ60 ዓመት በላይ ቆይቷል። ፋብሪካ ተክሎ፣ ዕቃ ፈልስፎ ወይም ሱቅ ከፍቶ የከበረ ሰው አይደለም። ሥራው ሌሎች ያቋቋሟቸውን ኩባንያዎች አክሲዮን መግዛትና ከዚያ በኋላ መጮህ ነው። ጩኸቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የኩባንያው ባለቤት ባለአክሲዮኑ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ተቀጣሪ ነው፣ ተቀጣሪው የባለቤቱን ገንዘብ እያባከነ ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ እውነት አለው። የአይካንን ሕይወት ለሐተታ የሚያበቃውም ይኸው ነው፤ እውነት ያለውን ክርክር ይዞ የት የት እንደደረሰበት ማየት ያስፈልጋል።

የተወለደው በ1936 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ሲሆን ያደገው በኩዊንስ ባሕር ዳር ባለው በፋር ሮካዌይ ነው። እናቱ መምህርት ነበረች። አባቱ ኦፔራ ዘፋኝ መሆን ተመኝቶ የምኩራብ ዜመኛ ሆኖ የቀረ፣ ዜማውን እያዜመ በእግዜር የማያምን ሰው ነበር። ከዚያ ሰፈር ትምህርት ቤት ወጥቶ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መግባት ቀላል አልነበረም። ልጁ ገባ፤ ያጠናውም ፍልስፍና ነው። በ1957 ሲመረቅ የመመረቂያ ጽሑፉ አንድ አረፍተ ነገር ትርጉም አለው የሚባለው መቼ ነው በሚል ጥያቄ ላይ ያተኮረ ነበር። ቀጥሎ እናቱን ደስ ለማሰኘት ሕክምና ጀመረ። ሬሳና በሽተኛ አልሆነለትም፤ በሁለት ዓመቱ ጥሎ ወታደር ቤት ገባ። እዚያ ፖከር ተጫወተ፤ አሸነፈም።

በ1961 በደላላነት ዎል ስትሪት ደረሰ። በካርታ ያገኘውን ገንዘብ አክሲዮን ገዛበት፤ ገንዘቡ አበጠ፤ በ1962 ገበያው ሲወድቅ ሁሉም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው ሒሳብ ወደሚጠይቀውና ብዙ ሰው ወደማይረዳው የኦፕሽን ንግድ የዞረው። በ1968 ከአጎቱ 400,000 ዶላር ተበድሮ በኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ መቀመጫ ገዛና አይካን ኤንድ ካምፓኒን አቋቋመ።

ዋናውን ዘዴ ያገኘው ወደ 1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ቀዝቅዞ ነበር። የብዙ ኩባንያዎች አክሲዮን የሚሸጠው ሕንፃቸው፣ መሬታቸውና ማሽናቸው ተቸርችሮ ቢሸጥ ከሚያወጣው ባነሰ ዋጋ ነበር። አይካንና ባልደረባው አልፍሬድ ኪንግስሊ ይህን ክፍተት አዩ። አክሲዮኑን በርካሽ መግዛት፤ ከዚያ ኩባንያው እንዲሸጥ ማስገደድ። ታፓን የተባለው የምድጃ አምራች የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ሆነ። አይካን አክሲዮኑን በ8 ዶላር ገደማ ሰበሰበ። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ለቦርድ አባልነት ተወዳደረ፤ ከየባለአክሲዮኑ የውክልና ድምፅ ለምኖ ወንበር አገኘ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ለስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ በ18 ዶላር ተሸጠ። ታፓንን ያቋቋመው ቤተሰብ ሳይቀር ተጠቃሚ ሆነ።

እንዲህ ሲቀርብ ማን ይቃወማል?

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልሆነም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አይካንና መሰሎቹ ወደ ሌላ አካሄድ ገቡ። ድምፅ ሳያሰሙ አክሲዮን ይሰበስባሉ፤ ቀጥለው ኩባንያውን ጠቅልለን ልንገዛው ነው ይላሉ። የደነገጠው ቦርድ የኩባንያውን ካዝና ከፍቶ የእነሱን አክሲዮን ብቻ ከገበያው ዋጋ በላይ መልሶ ይገዛቸዋል። እነሱ አትርፈው ይሄዳሉ፤ ሌላው ባለአክሲዮን ካዝናው ጎድሎበት ይቀራል። ሳክሰንና ቢኤፍ ጉድሪች በዚህ መንገድ ከአይካን ጋር ከተገላገሉት መካከል ናቸው። የባለአክሲዮን ጠበቃ ነኝ የሚለው ሰው ከሌላው ባለአክሲዮን ኪስ በወጣ ገንዘብ ሲሸኝ ጠበቃነቱ አብሮ መሄዱ አልቀረም። የእሱ መልስ አጭር ነበር፤ ጥፋቱ የከፈለው ቦርድ ነው።

በሥራ አስኪያጆች ላይ ያለውን ንቀት የሚገልጽበት አንድ ጨዋታ አለው፤ በየመድረኩ ይደግመዋል። በ1984 የባቡር ፉርጎ አምራቹን ኤሲኤፍን ገዛ። ኩባንያው በማንሃታን 12 ፎቅ ሙሉ ሠራተኛ ነበረው። አይካን የሚሠሩትን ለማወቅ ጠየቀ፤ አልገባውም። አማካሪ ቀጠረ፤ አማካሪውም ደክሞ አልገባኝም አለ። ፋብሪካው ወዳለበት ወደ ሴንት ሉዊስ አካባቢ ሄዶ ምርቱን የሚመራውን ሰው ሲያነጋግር፣ ሰውየው የኒው ዮርኩ ቢሮ ባይኖር እንዲያውም ሥራው ይቀለዋል አለው። 12ቱንም ፎቅ ዘጋ። አንድም ፉርጎ አልዘገየም፤ ስልክ ደውሎ የጠየቀም አልነበረም። አይካን እንደሚለው ነው እንግዲህ። ሰዎቹ በዚያ ሰሞን ምን እንደሆኑ በጨዋታው ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ጨዋታው ስለ አለቆች አመራረጥ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው በዩኒቨርሲቲ የተማሪ ማኅበር የመራ፣ ማንንም የማያስቀይም፣ ሰው የሚወደው ዓይነት ነው ይላል። ይህ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ወንበሩን እንዳይነጥቀው ከራሱ ትንሽ ደደብ የሆነ ምክትል ይመርጣል። ምክትሉ በተራው ሲሾም የባሰውን ይመርጣል። በዚህ ከቀጠለ አንድ ቀን አገሪቱን የሚመሯት ሁሉ ጅሎች ይሆናሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

በ1985 አይካን ቲደብሊውኤ ላይ ዓይኑን ጣለ። የዚያን ጊዜ አየር መንገዱን ሊገዛ የሚፎካከረው ፍራንክ ሎሬንዞ ነበር። ሎሬንዞ ኮንቲኔንታልን በ1983 ኪሳራ ውስጥ አስገብቶ የማኅበራትን ውል የቀደደ በመሆኑ በአቪዬሽን ሠራተኞች ዘንድ ስሙ ሲጠራ የሚያስደነግጥ ሰው ነው። የቲደብሊውኤ አብራሪዎችና መካኒኮች ከሎሬንዞስ አይካን ይሻለናል ብለው ደመወዛቸውን አስቀንሰው ደገፉት። የቦርድ ሊቀመንበር ያደረገው የሠራተኛው ድጋፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የበረራ አስተናጋጆቹ ግን አልተስማሙም። በማርች 1986 የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ቁጥራቸው ከ5,000 በላይ ነበር። አድማው ከሁለት ወር በላይ ቆየ። አይካን በቦታቸው አዲስ ሰው ቀጠረ፤ አድማውን ጥሰው ለገቡትም ወንበራቸውን አጸናላቸው። አድማው ሲያበቃ ብዙ ዓመት ያገለገሉት ሥራችን ይመለስልን ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1989 ለአየር መንገዱ ተፈረደ። ይህ ፍርድ በአሜሪካ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

በመሀሉ በ1988 አይካን ቲደብሊውኤን ከአክሲዮን ገበያ አስወጥቶ የግሉ አደረገው። የዚህ ግብይት ቁጥሮች ለብቻቸው ቢታዩ ይበቃሉ። አይካን ያፈሰሰውን ገንዘብ መልሶ 469 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። አየር መንገዱ ደግሞ ወደ 540 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አዲስ ዕዳ ተሸከመ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ኪሳራ ቢመጣም ብዙ የሚያጣው አልነበረውም፤ ዕዳው የአየር መንገዱ ነው። በ1991 የኩባንያው ዕንቁ የሚባሉት ወደ ለንደን ሂትሮው የሚያስገቡ መስመሮች ለአሜሪካን ኤርላይንስ በ445 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ጥሬ ገንዘቡ ገባ፤ ገንዘብ የሚያስገባው መስመር ወጣ። በጃንዋሪ 1992 ቲደብሊውኤ ኪሳራ አወጀ።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መታከል አለበት። በ1978 የአሜሪካ መንግሥት የአየር ትራንስፖርት ዋጋና መስመር ቁጥጥሩን ሲያነሣ አሮጌዎቹ ኩባንያዎች በሙሉ ተናግተዋል። በ1985 የቲደብሊውኤ አውሮፕላን ወደ ቤሩት ተጠልፎ መንገደኛው ፈርቷል። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ነዳጅ አስወድዷል። ሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ ፓን አም አይካን ሳይነካው በ1991 ሞቷል። ስለዚህ ቲደብሊውኤን የገደለው አይካን ብቻ ነው ማለት አያስኬድም። ሕመምተኛውን ደሙን ቀድቶ ነው የወጣው ማለት ግን ያስኬዳል።

መውጫውም የሚገርም ነው። በ1993 ሲለቅ አየር መንገዱ የእሱ ባለዕዳ ነበር፤ ያበደረው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነበረው። በ1995 ዕዳው በሌላ ውል ተተካ፤ ካራቡ ይባላል። በውሉ መሠረት የአይካን ድርጅት ለስምንት ዓመት የቲደብሊውኤን ትኬት በ45 ከመቶ ቅናሽ ገዝቶ መቸርቸር ይችላል። ከሴንት ሉዊስ የሚነሡና እዚያ የሚያበቁ ጉዞዎች ብቻ ተከልክለዋል። አይካን ሎዌስትፌር የሚባል ትኬት ሻጭ አቋቁሞ ትኬቱን ለሕዝብ አቀረበ። አየር መንገዱ የገዛ ወንበሩን ሙሉ ዋጋ ሊሸጥ ሲሞክር ያንኑ ወንበር በቅናሽ የሚሸጠው የቀድሞ ሊቀመንበሩ ነበር። ይህ ውል የተቋረጠው አየር መንገዱ ራሱ ሲያበቃ ነው።

ከ2000 በኋላ ጋዜጦቹ ለእሱ ያላቸው ፊት ተለወጠ። በ1980ዎቹ ወራሪ ይሉት የነበሩት አሁን ለባለአክሲዮን መብት የሚከራከር ባለሀብት ይሉት ጀመር። ሥራው ግን ያው ነበር፤ አክሲዮን፣ ደብዳቤ፣ ቦርድ፣ ቴሌቪዥን። ልዩነቱ ሀብቱ በማደጉ የሚያንኳኳቸው በሮች መተለቃቸው ነው።

በ2012 ከኔትፍሊክስ 10 ከመቶ የሚጠጋ አክሲዮን በአማካይ በ58 ዶላር ገዛ። ኔትፍሊክስ ለትልቅ ኩባንያ መሸጥ አለበት ብሎም ወተወተ። ሥራ አስኪያጆቹ እምቢ አሉ፤ ጭራሽ እሱን የሚከላከል ደንብ አወጡ። አልተሸጠም። አክሲዮኑ ሰማይ ነካ፤ አይካን በ2015 ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር አትርፎ ነበር። ምክሩን ቢሰሙት ኖሮ ይህን ያህል ባላገኘ። ሰነፍ ናቸው የሚላቸው ሥራ አስኪያጆች ሀብታም አደረጉት።

አፕልም ይመሳሰላል። በ2013 ቲም ኩክን ቤቱ እራት ጋብዞ ኩባንያው 150 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ የራሱን አክሲዮን እንዲገዛ ጠየቀ። ጥያቄው በዚያ መልኩ አልተፈጸመም፤ አፕል ግን በራሱ መጠን ግዢውን አሰፋ። አይካን በ2016 ቻይና አሳስባኛለች ብሎ ሸጠ፤ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አተረፈ። በሚቀጥለው ወር ዋረን ቡፌት ይመራው የነበረው በርክሻየር ሃታዌይ አፕልን መግዛት መጀመሩ ታወቀ። በርክሻየር ዝም ብሎ ተቀምጦ ያተረፈው በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ነው። የአይካን ችኮላ አንዳንዴ ውድ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ጠባዩ የታየበት ቀን ጃንዋሪ 25 ቀን 2013 ነው። ቢል አክማን የሚባል ወጣት ባለሀብት ሄርባላይፍ የተባለው የምግብ ማሟያ ሻጭ ኩባንያ ማጭበርበሪያ ነው ብሎ፣ ይወድቃል በሚል 1 ቢሊዮን ዶላር አስይዞበት ነበር። አይካን ደግሞ ኩባንያውን ደገፈ። የሁለቱ ቂም አዲስ አልነበረም፤ በ2003 በተፈራረሙት አንድ የአክሲዮን ውል ሲካሰሱ ኖረው አይካን በ2011 9 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎታል። በዚያን ቀን ሲኤንቢሲ ጣቢያ ሁለቱንም በስልክ መስመር አስገባቸው። የ76 ዓመቱ ሽማግሌ አክማንን በትምህርት ቤት ግቢ ሲመቱት እንደሚያለቅስ ልጅ አድርጎ ሰደበው፤ አዘጋጁን ሳይቀር ተቆጣ። በአክሲዮን ገበያው ወለል ላይ ያሉ ነጋዴዎች ሥራቸውን አቁመው ስክሪኑን እያዩ ይጮኹ ነበር። አክማን በ2018 ከስሮ ወጣ። አይካን ከሄርባላይፍ 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል አገኘ። ኩባንያው በእርግጥ ያጭበረብራል ወይ የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም ሁለተኛ ጉዳይ ነበር።

በ2017 ዶናልድ ትራምፕ የመንግሥት ደንቦችን በማቅለል ጉዳይ ልዩ አማካሪ አደረጉት። ደመወዝ የለውም፤ ሀብቱንም እንዲለቅ አልተጠየቀም። የነዳጅ ማጣሪያ ባለቤት ሆኖ ስለ ነዳጅ ደንብ ማማከሩ ጥያቄ አስነሣና በኦገስት ለቀቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 የትራምፕን ስም የያዘውን የአትላንቲክ ሲቲ ቁማር ቤት፣ ታጅ ማሃልን፣ ከሠራተኛው ማኅበር ጋር ባለመስማማቱ ዘግቶታል። በላስ ቬጋስ ደግሞ ግንባታው ቆሞ የነበረውን ፎንቴንብሎ ሆቴል በ2010 በ150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ አንድ ፎቅ ሳይጨምርበት በ2017 በ600 ሚሊዮን ሸጠው።

በጎ አድራጎቱም አለ። በብሮንክስ ትምህርት ቤቶች ከፍቷል። በኒው ዮርክ የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት 200 ሚሊዮን ዶላር በማግኘቱ ከ2012 ጀምሮ በአይካን ስም ይጠራል። ሕክምና ጥሎ የወጣው ሰው ስም በሐኪሞች ዲፕሎማ ላይ መታተሙ እናቱ ብታየው ያስቃት ነበር።

ከዚያ 2023 መጣ። ሜይ 2 ቀን ሂንደንበርግ ሪሰርች የተባለ፣ የኩባንያዎችን ጉድ አውጥቶ በዋጋቸው መውደቅ ያተርፍ የነበረ ድርጅት አይካን ኢንተርፕራይዝስ ላይ ሪፖርት አወጣ። ይህ ኩባንያ የአይካን ዋና ዋና ንብረቶች የተሰበሰቡበት ነው፤ እሱ ራሱ 85 ከመቶ ያህሉን ይይዛል። ሪፖርቱ የኩባንያው ድርሻ የሚሸጠው በውስጡ ካለው ሀብት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው አለ። ትልቅ የትርፍ ድርሻ የሚከፈለውም ከትርፍ ሳይሆን አዲስ ድርሻ ለሕዝብ እየተሸጠ ከሚመጣው ገንዘብ ነው ሲል ከሰሰ። አይካን ክሱን አጣጣለ። ድርሻው ግን በዚያው ቀን ብቻ 20 ከመቶ ወደቀ፤ ከሪፖርቱ በፊት 50 ዶላር አካባቢ የነበረው በ2024 መጨረሻ ከ10 ዶላር በታች ሆነ።

ቀስ በቀስ ሌላም ወጣ። አይካን ለዓመታት ገበያው ይወድቃል ብሎ ሲወራረድ ኖሯል፤ ገበያው ግን ወጣ። በዚህ ውርርድ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር እንደጠፋ ለፋይናንሺያል ታይምስ አምኗል። በተጨማሪ ከኩባንያው ድርሻ አብዛኛውን መያዣ አድርጎ በግሉ በቢሊዮን የሚቆጠር ብድር ወስዶ ነበር። በኦገስት 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ይህ በጊዜው ለባለድርሻዎች አልተገለጸም ብሎ ኩባንያውን 1.5 ሚሊዮን፣ አይካንን 500,000 ዶላር ቀጣ። እነሱም ጥፋቱን ሳያምኑም ሳይክዱም ከፈሉ። በየሦስት ወሩ 2 ዶላር የነበረው የትርፍ ድርሻ በ2023 ወደ 1 ዶላር፣ በ2024 መጨረሻ ወደ 50 ሳንቲም ወረደ።

ያንን ድርሻ ከያዙት ብዙዎቹ ለጡረታቸው የትርፍ ድርሻ ፈልገው የገቡ ተራ ሰዎች ናቸው። ሌላ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ይህ አይካን የሚያንኳኳው በር ነው፤ ዋጋው የወደቀ፣ አለቃው ስህተቱን የደበቀ፣ ባለድርሻው የተቆጣ። አይካን ኢንተርፕራይዝስ ግን የተዋቀረው በሽርክና ነው። ዳይሬክተሮቹን የሚመርጠው ዋናው ሸሪክ ሲሆን የዋናው ሸሪክ ባለቤት 100 ከመቶ ካርል አይካን ነው። የሰባ ዓመት ጡረተኛ የውክልና ድምፅ ቢያሰባስብም የሚወዳደርበት ወንበር የለም።